የእርባታ ዓሣ ወይስ የባሕር? መጀመሪያ ምን በልቶ እንዳደገ ይጠይቁ

የጠያቂያችን መልእክት ባጭሩ ይህ ነው፦ «በሳምንት ሁለት ቀን ዓሣ እንበላለን። የእርባታ ዓሣ ውሃ ይበክላል፣ በመድኃኒት ያድጋል፣ ሥጋውም ቀለም ይነከራል ሲባል ስለሰማሁ የምገዛው ከባሕር የተጠመደውን ብቻ ነው። እህቴ ደግሞ ‹ባሕሩን የምታራቁቱት እናንተ ናችሁ› ትለኛለች። ለተፈጥሮ የሚሻለው የትኛው ነው? በተለይ ሳልመን እንወዳለን። ማሸጊያው ላይ የሚለጠፈው ምልክትስ ይታመናል? ትኩስ ልግዛ ወይስ የቀዘቀዘ?»

ሁለታችሁም ከፊል እውነት ይዛችኋል። የምትለኩበት መስፈርት ግን አይሠራም። ዓሣው ከእርባታ መጣ ወይም ከባሕር ወጣ ማለት ብቻውን ስለ ጉዳቱ ብዙም አይነግርም። ከእርባታ ዓሣ መካከል ከየትኛውም የእንስሳት ምግብ ያነሰ ጉዳት የሚያደርስ አለ። ሊጠፋ የተቃረበ ዝርያን እያሟጠጠ ያለም አለ። ከባሕር በሚጠመደውም ውስጥ እንዲሁ ሁለቱም አሉ። ልዩነቱን የሚወስነው የዓሣው ዓይነት፣ የበላው መኖ፣ የተያዘበት መሣሪያና የረባበት ቦታ ነው። እኔ ከሁሉም የማስቀድመው ምግቡን ነው።

ከእህትዎ ነጥብ ልጀምር። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት፣ ፋኦ፣ የዓለምን የባሕር ዓሣ ክምችት በየጊዜው ይገመግማል። እ.ኤ.አ. በ1974 ከመጠን በላይ ይጠመዱ የነበሩት ክምችቶች 10 በመቶ ገደማ ነበሩ። በ2021 ቁጥሩ 37.7 በመቶ ደርሷል። በእነዚህ ዓመታት መርከቦቹ ገዝፈዋል፤ የዓሣውን መንጋ ከርቀት የሚያሳዩ መሣሪያዎችም መጥተዋል። ሆኖም ከዱር፣ ማለትም ሳይረባ በተፈጥሮ ውሃ ከሚኖረው፣ የሚጠመደው ጠቅላላ መጠን ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በዓመት 90 ሚሊዮን ቶን አካባቢ ላይ ቆሟል። ጉልበቱ ጨመረ፣ የሚወጣው ዓሣ ግን አልጨመረም።

ክምችት ሲወድቅ ምን እንደሚመስል የካናዳዋ ኒውፋውንድላንድ ታሳያለች። እዚያ ኮድ የተባለው ዓሣ ለ500 ዓመት ገደማ ሲጠመድ ኖሯል። ከ1950ዎቹ ወዲህ ግን እዚያው ባሕር ላይ እያጠመዱ፣ እያረዱና እያቀዘቀዙ ለሳምንታት የሚቆዩ ግዙፍ መርከቦች ገቡ። በሐምሌ 1992 መንግሥት ማጥመዱን አገደ። ወደ 30 ሺህ ሰው ሥራ አጣ። እገዳው መጀመሪያ የታሰበው ለሁለት ዓመት ነበር። የተነሣው በ2024 ነው። ዓሣ ይራባልና መረቡ ካረፈ ባሕሩ ወዲያው ይሞላል ለሚል ሰው ከዚህ የበለጠ መልስ የለም።

ይህ ማለት ግን ከባሕር የሚወጣ ዓሣ ሁሉ መተው አለበት ማለት አይደለም። እህትዎ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። የዚያው የፋኦ ግምገማ ሌላኛው ወገን 62.3 በመቶ የሚሆኑት ክምችቶች ራሳቸውን መተካት በሚችሉበት ደረጃ ላይ ናቸው ይላል። በዓሣው ብዛት ሲሰላ ደግሞ በ2021 ድርጅቱ ከሚከታተላቸው ክምችቶች ከተጠመደው ውስጥ 77 በመቶ ያህሉ የመጣው ከጤነኛ ክምችት ነው። ወድቆ የተነሣም አለ። የአትላንቲክ ብሉፊን ቱና በ2000ዎቹ ሊጠፋ ነው ተብሎ ነበር። የሚጠመደው መጠን ተቀነሰ፣ ቁጥጥሩም ጠበቀ። በ2021 ከአደጋ ዝርዝር ወጣ። በደንብ የሚተዳደር የባሕር ዓሣ ትልቅ ብልጫ አለው፦ መኖ አይፈልግም፣ መሬት አይወስድም፣ ንጹሕ ውሃ አያባክንም፣ መድኃኒት አያሻውም።

ታዲያ የትኛው የባሕር ዓሣ ነው ጫናን የሚችለው? ቶሎ የሚወልደው። አንቾቪ የሚባለው ትንሽ ዓሣ በአንድ ዓመት ገደማ ለመራባት ይደርሳል። ኦሬንጅ ራፊ የሚባለው የጥልቅ ባሕር ዓሣ ደግሞ ከመቶ ዓመት በላይ ይኖራል፤ ለመራባት ብቻ ከ20 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። እንዲህ ያለውን ዓሣ ማጥመድ ማዕድን ከማውጣት ብዙም አይለይም። የወጣው በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ አይተካም። አብዛኛው ሻርክም ዘግይቶ የሚወልድና ጥቂት የሚወልድ ነው።

ቀጥሎ የሚጠመድበት መሣሪያ ይመጣል። ሳርዲንና መሰሎቹ ከውሃው ወለል አጠገብ ጥቅጥቅ ብለው በመንጋ ስለሚሄዱ፣ ዙሪያቸውን የሚከብ መረብ ይጣልና ከታች ይታሰራል። ከባሕሩ ወለል ጋር አይነካካም። የሚገባውም በአብዛኛው የተፈለገው ዓሣ ነው። አንድ ቶን ለማውጣት የሚቃጠለው ነዳጅ እንደ ደንቡ ከ100 ሊትር በታች ነው። በሌላው ጫፍ ሽሪምፕ ለመያዝ በባሕር ወለል ላይ የሚጎተተው መረብ አለ። መረቡ ወጥቶ መርከቡ ላይ ሲዘረገፍ ማየት ያማል። ጣት የምታክለውን ሽሪምፕ ለማግኘት ሠራተኞቹ በእጃቸው የሚገፉት ክምር አለ። ውስጡ ገና ያልደረሱ ትናንሽ ዓሣዎች፣ ሸርጣን፣ ባለ አምስት ክንድ የባሕር ኮከብ፣ ጠፍጣፋ የወለል ዓሣ፣ የተሰበረ ኮራል ይገኛል። በተለይ በሞቃት ባሕሮች ከሽሪምፑ ይልቅ ሌላው ሊበዛ ይችላል። አብዛኛው ሞቶ ወይም ሊሞት ተቃርቦ ወደ ውሃው ይመለሳል። እንዲህ ለመሳሰሉ ባለ ቅርፊት እንስሳት የሚቃጠለው ነዳጅ ደግሞ በአማካይ በቶን ከሁለት ሺህ ሊትር ያልፋል። ስለዚህ «ከባሕር የተጠመደ» የሚለው ጽሑፍ እነዚህን ሁለት ሥራዎች በአንድ ስም ይጠራቸዋል።

አሁን ወደ እርባታው። እ.ኤ.አ. በ2022 ከእርባታ የተገኘው የውሃ እንስሳ 94.4 ሚሊዮን ቶን ነበር። ከዱር ከተጠመደው ሲበልጥ ለመጀመሪያ ጊዜው ነው። የእርባታ ዓሣ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው በባሕር ላይ የተንሳፈፈ መረብ ውስጥ የሚዋኝ ሳልመን ነው። ሳልመን ግን ከዚህ ሁሉ 3 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ከግማሽ በላይ የሚሆነው በኩሬና በሐይቅ፣ ጨዋማ ባልሆነ ውሃ የሚረባ ዓሣ ነው፤ ካርፕ፣ ቆሮሶ (ቲላፒያ የሚባለው)፣ አምባዛና መሰሎቻቸው። ስለ እርባታ የሚወራው ክፉ ወሬ በአብዛኛው ስለ ሳልመንና ስለ ሽሪምፕ ነው። ስለ ካርፕ የሚያወራ የለም፤ ዓለምን እየመገበ ያለው ግን እሱ ነው።

ምግቡን ለምን እንደማስቀድም ላሳይዎ። በቻይና የቆየ የኩሬ እርባታ ውስጥ ግራስ ካርፕ ሣር ይበላል። ሲልቨር ካርፕ በውሃው ላይ የሚያድጉትን ደቃቅ ዕፅዋት በስንጥቡ እያጣራ ይወስዳል። ኮመን ካርፕ ከታች ጭቃውን እየቆፈረ የወደቀውን ይለቅማል። አንዱ የጣለው ለሌላው ምግብ ይሆናል። ከባሕር የሚመጣ ዓሣ ለዚህ ኩሬ እምብዛም አያስፈልግም። ሳልመን ግን ሥጋ በል ነው። በ1990 ገደማ የኖርዌይ ሳልመን መኖ 90 በመቶው የዓሣ ዱቄትና የዓሣ ዘይት ነበር። ለእርባታ ተብሎ ባሕር ይራቆት ነበር ማለት ነው። ዛሬ ያ ድርሻ ወደ ሩብ ገደማ ወርዷል። ከዚያም ላይ፣ በዓለም ከሚመረተው የዓሣ ዱቄት ሲሶ ያህሉ አሁን የሚሠራው ከጭንቅላት፣ ከአጥንትና ከሆድ ዕቃ ተረፈ ምርት ነው። መሻሻሉ እውነተኛ ነው፤ መካድ የለበትም።

ነገር ግን ክፍተቱን የሞላው አኩሪ አተር ነው። አኩሪ አተር ደግሞ ደን እየተመነጠረ ከሚዘራበት ቦታ ሊመጣ ይችላል። ችግሩ ከባሕር ወደ መሬት ዞሯል፤ አልጠፋም። ቀሪው የዓሣ ዱቄትም ከየት እንደመጣ ለውጥ ያመጣል። የዓለም ትልቁ የአንድ ዝርያ ማጥመጃ የፔሩ አንቾቪ ነው። አብዛኛው የሚሄደው ወደ ዱቄት ፋብሪካ ነው፤ ኮታና የዕረፍት ወቅት ግን አለው። በምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ ያለው የባሰ ነው። እዚያ ሰርዲኔላ የሰው ምግብ ነው፤ ድሃው በርካሽ የሚያገኘው ፕሮቲን። ይህን ዓሣ ፈጭቶ ሌላ አገር ላለ የእርባታ ዓሣ መመገብ ለእኔ ከተፈጥሮ ጥፋትም በላይ ነው፤ ከሰው አፍ መንጠቅ ነው።

አሁን ስለ መድኃኒትና ስለ ቀለም የሰሙትን ላስተካክል። የሳልመን ሥጋ ቀለም አይነከርም። ሮዝ የሚያደርገው አስታዛንቲን የሚባል ንጥረ ነገር ነው። በባሕር የሚኖረው ሳልመን ከሚበላቸው ትናንሽ ባለ ቅርፊት ፍጥረታት ያገኘዋል። ለሚረባው ደግሞ መኖው ውስጥ ይጨመርለታል። የአካባቢ ጉዳዩ ከዚህ ጋር አይገናኝም። ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒትን በተመለከተ መልሱ በአገሩ ይለያያል። ኖርዌይ በ1987 ለሳልመን ወደ 50 ቶን የሚጠጋ መድኃኒት ትጠቀም ነበር። ክትባት መጣ። ዛሬ ምርቱ በብዙ እጥፍ አድጎ ሳለ የምትጠቀመው በዓመት ከአንድ ቶን በታች ነው። ቺሊ ከዚያ እጅግ የበለጠ ትጠቀማለች። ስለዚህ «የእርባታ ሳልመን በመድኃኒት ያድጋል» የሚለው በአንዱ ቦታ ያለፈበት ወሬ ነው፤ በሌላው ዛሬም እውነት ነው።

የሳልመን እርባታ እውነተኛ ጉዳት ክፍት በሆነው መረብ ምክንያት የሚመጣው ነው። መረቡ ዓሣውን ብቻ ነው የሚይዘው። ኩሱ፣ ያልተበላው መኖና በሽታው በነጻነት ይወጣሉ። ውሃው በደንብ የማይንቀሳቀስበት ቦታ ከሆነ፣ ከመረቡ ሥር ያለው የባሕር ወለል አየር ያጣና ሕይወቱ ይመናመናል። የባሕር ቅማል የሚባለው ጥገኛ ደግሞ በሺዎች ከታጎሩት ዓሣዎች ላይ ይራባል። ከወንዝ ወጥቶ በአጠገቡ የሚያልፈውን ትንሽ የዱር ሳልመን ይጣበቃል፤ ቆዳውንና ደሙን ይበላል። ለአንድ ኪሎ ለሚመዝን ዓሣ ሁለት ሦስት ቅማል ምንም ላይሆን ይችላል። ለጣት ርዝመት ላለው ግን ሞት ነው። ማምለጥም አለ። በ2017 በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት አንድ የእርባታ መረብ ተበጣጥሶ ወደ 250 ሺህ የሚጠጋ የአትላንቲክ ሳልመን ዝርያው ወዳልሆነ ባሕር ገባ። ግዛቱ በማግስቱ ዓመት እንዲህ ያለውን እርባታ በሂደት የሚያስቀር ሕግ አወጣ።

«በየብስ ላይ በዝግ ገንዳ ይርባ» የሚል መፍትሔ አለ። ውሃው እየተጣራ ይዞራል፣ ዓሣው አያመልጥም፣ ቅማል የለም። እኔ ተስፋ አደርግበታለሁ። ወሰኑ ግን መብራት ነው። ፓምፑና ማጣሪያው ሌት ተቀን ይሠራል። ኤሌክትሪኩ ከድንጋይ ከሰል የሚመጣ ከሆነ የባሕሩን ጉዳት ወደ አየር አዛወርን ማለት ነው።

ፈጽሞ የማልደራደርባቸው ሁለት የእርባታ ዓይነቶች አሉ። የመጀመሪያው ኢል የሚባለው እባብ መሳይ ዓሣ ነው። በእርባታ ቦታ አስወልዶ ለገበያ በሚበቃ መጠን ማሳደግ እስካሁን አልተቻለም። የሚረባው ሁሉ ጫጩቱ ከዱር የተያዘ ነው። የአውሮፓው ኢል ደግሞ በከፋ የመጥፋት አደጋ ላይ ነው። ሁለተኛው በመረብ ታጉሮ የሚደለበው ብሉፊን ቱና ነው። ከባሕር ይያዝና ሳርዲንና ማኬሬል እየተመገበ ይወፍራል። አንድ ኪሎ ለመጨመር አሥር ኪሎና ከዚያ በላይ ዓሣ ይበላል። ሽሪምፕም ታሪኩ መጥፎ ነው። ለኩሬው ሲባል በብዙ ሞቃት አገሮች ማንግሮቭ ተመንጥሯል። ማንግሮቭ ጨዋማ ውሃ ውስጥ የሚበቅል ደን ነው። ለዓሣ ጫጩቶች መጠለያ ነው፤ የባሕር ዳርቻን ከማዕበል ይጠብቃል፤ ብዙ ካርቦንም በጭቃው ይይዛል። የተሻለ የሽሪምፕ እርባታ ዛሬ አለ፤ ግን ማረጋገጫ የሌለውን አልገዛም።

ከሁሉም የሚሻለው ብዙ ሰው የማያስበው ነው፦ ሙሰልና ኦይስተር፣ ሁለት ቅርፊት ያላቸው የባሕር ፍጥረታት። በገመድ ላይ ወይም በቅርጫት ይንጠለጠላሉ። ማንም አይመግባቸውም። ከውሃው ውስጥ ደቃቁን ነገር እያጣሩ ያድጋሉ። አንድ ትልቅ ኦይስተር ሁኔታው ሲመቸው በቀን እስከ 190 ሊትር ውሃ ያጣራል። መኖ የለም፣ መድኃኒት የለም፣ ከወንዝ ወይም ከጉድጓድ የሚቀዳ ውሃ አያስፈልግም። ቤትዎ በእምነት ወይም በአለርጂ ምክንያት የማይበላቸው ከሆነ፣ ቀጥሎ ያለው ደረጃ ትናንሽ የባሕር ዓሣዎችና የኩሬ ዓሣ ነው። ለኩሬ ዓሣ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ቆሮሶ ጠንካራ ነው፤ ባልነበረበት ውሃ ከገባ ነባሮቹን ያፈናቅላል። የኩሬው ውሃም ሳይጣራ ወደ ወንዝ ከተለቀቀ ይበክላል።

ስለ ምልክቶቹ። ከባሕር ለሚጠመድ ዓሣ በስፋት የሚታወቀው ሰማያዊው የኤም.ኤስ.ሲ ምልክት ነው። ለእርባታ ደግሞ አረንጓዴው የኤ.ኤስ.ሲ ነው። ሁለቱም ያለ ምልክት ከመግዛት ይሻላሉ። ፍጹም ግን አይደሉም። አንዳንድ በወለል ላይ የሚጎተት መረብ የሚጠቀሙ አጥማጆችም ምልክቱን አግኝተዋል፤ ይህ ከባለሙያዎች ትችት አምጥቷል። ክፍያው ስለሚከብድ በአነስተኛ ጀልባ የሚሠሩ ጥሩ አጥማጆች ምልክት ላይኖራቸው ይችላል። ሥርዓቱ ጥርስ እንዳለው ያየሁት ግን በማኬሬል ነው። በሰሜን ምሥራቅ አትላንቲክ የሚያጠምዱት አገሮች በኮታ ክፍፍል መስማማት ስላቃታቸው በ2019 የማኬሬሉ ማረጋገጫ ታገደ። ዓሣው ትንሽና ቶሎ የሚራባ ቢሆንም፣ ከሚገባው በላይ ሲጠመድ ምንም አያድነውም። ያለ አረጋጋጭ «ተፈጥሯዊ» ወይም «በኃላፊነት የተመረተ» የሚል ጽሑፍ ግን ምንም አይነግርዎትም፤ ይለፉት።

ማሸጊያውን ሲያገላብጡ ከምልክቱ በላይ የሚጠቅሙ ትናንሽ ጽሑፎች አሉ። የዝርያው ስም፣ የተጠመደበት መሣሪያና የባሕሩ ክልል። ክልሉ አንዳንዴ በቁጥር ይጻፋል፤ 27 ሰሜን ምሥራቅ አትላንቲክ ነው፣ 87 ደግሞ የፔሩና የቺሊ ወገን ያለው ፓስፊክ። ቱና ከሆነ «በዘንግና በመንጠቆ የተያዘ» የሚለውን ይፈልጉ። ዓሣው አንድ በአንድ ስለሚወጣ ሌላ እንስሳ እምብዛም አይጠፋበትም። ስኪፕጃክ የሚባለው ዓይነት ደግሞ ቶሎ የሚያድግ ስለሆነ ይመረጣል።

የእኔ ምክር ይህ ነው። ከሁለቱ ቀን አንዱን ለሳርዲን፣ ለአንቾቪ ወይም ለሄሪንግ ይስጡት። እነዚህን ዓሣዎች ለሌላ ዓሣ መኖ ከማድረግ ራሳችን ብንበላቸው ይሻላል። ሌላኛውን ቀን ለሙሰል ወይም ለኩሬ ዓሣ ያድርጉት። ሳልመንን የዘወትር ሳይሆን የአልፎ አልፎ ምግብ ያድርጉት። ሲገዙም ወይ ማረጋገጫ ያለው የአላስካ የዱር ሳልመን፣ ወይ የኤ.ኤስ.ሲ ምልክት ያለው፣ ወይ በዝግ ገንዳ የረባ ይሁን። የአላስካው ሳልመን ራሱ ትልቅ ድርሻው በማስፈልፈያ ተፈልፍሎ ወደ ባሕር የተለቀቀ መሆኑን ይወቁ። «ሙሉ በሙሉ የዱር ነው» ብለው ተጨማሪ ገንዘብ እንዳይከፍሉ ነው የምነግርዎት። ኢልን፣ በመረብ የተደለበ ብሉፊን ቱናን፣ ሻርክን፣ የጥልቅ ባሕር ዓሣንና ማረጋገጫ የሌለው ሽሪምፕን ጨርሰው ይተዉ።

ትኩስ ወይስ የቀዘቀዘ ላሉት፣ በሩቅ ከተያዘ የቀዘቀዘውን ይግዙ። ከሩቅ አገር «ትኩስ» ሆኖ የሚደርስ ዓሣ የመጣው በአውሮፕላን ነው። ለአንድ ኪሎ በአየር ማጓጓዝ የሚለቀቀው ጋዝ በመርከብ ከሚለቀቀው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። አንዳንዴ ዓሣውን ከማጥመድ ወይም ከማርባት የተለቀቀውንም ያስንቃል። የቀዘቀዘው በመርከብ ይመጣል፤ ሳይበላሽም ይቆያል። ከሱቅ ቤት ሲደርሱ ግን ቀልጦ እንደገና እንዳይቀዘቅዝ ይጠንቀቁ። ማታ ከፍሪዘሩ አውጥተው በማቀዝቀዣው ታችኛው መደርደሪያ ላይ ያሳድሩትና በማግስቱ ያብስሉት።